ኑዛዜ ይዞ ዘር መቁጠር፦ የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ባላባት ቤተሰብን ከመዝገብ ለማውጣት ዝርዝር መመሪያ

አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው አንድ ቦታ ላይ ነው። በ1400ዎቹ የተጻፈ ኑዛዜ ያገኛል፤ በውስጡ የተጠሩትን ልጆች ይቆጥራል፤ ያልተጠራውን «ሞቷል» ወይም «አልተወለደም» ብሎ ይሰርዛል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው የዘር ሐረግ በሙሉ ተጣሞ ይቀራል። ኑዛዜ የቤተሰብ መዝገብ አይደለም። ተናዛዡ በሕይወት ሳለ ያላደላደለውን ንብረት የሚያደላድልበት ወረቀት ነው። ድርሻውን አስቀድሞ የወሰደ ልጅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ርስቱን በሕግ የሚወርሰው የበኩር ልጅ፣ ስሙ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

«ባላባት» ስል ከመሳፍንቱ በታች፣ ከገበሬው በላይ የነበሩትን፣ ናይት፣ ስኩዋየር እና ጀንትልማን የሚባሉትን ባለርስቶች ማለቴ ነው። ለምሳሌነት በኖርፎክ ካውንቲ (ካውንቲ ማለት የእንግሊዝ አውራጃ ነው) የኖሩትን የፓስተን ቤተሰብ ሰዎች ይዣለሁ። ደብዳቤያቸውም ኑዛዜያቸውም ስለተረፈ፣ የሠራችሁትን ከመልሱ ጋር አስተያይታችሁ ልትለማመዱባቸው ትችላላችሁ። ዓመታቱና ወራቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ፍለጋ ከመጀመራችሁ በፊት

1. አንድ ሰው ብቻ ምረጡ። «የእገሌ ቤተሰብ» ብላችሁ አትነሱ። ስሙ፣ ካውንቲው እና በሕይወት የነበረበት 30 ዓመት ገደማ የሚሸፍን ዘመን በአንድ ገጽ ላይ ይስፈር።

2. ከሥሩ ሦስት ዝርዝሮች ክፈቱ፦ የስሙ አጻጻፎች፣ የርስቶቹ ስሞች፣ ከእሱ ጋር ደጋግመው የሚጠሩ ሰዎች። በዚያ ዘመን ቋሚ አጻጻፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ማውትቢ የሚለው የጆን ፓስተን ሚስት የማርጋሬት የአባት ቤት ስም በአንድ ትውልድ ውስጥ እንኳ በተለያየ ፊደል ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በኮምፒውተር ስትፈልጉ የምታውቁትን አጻጻፍ ብቻ አስገብታችሁ «የለም» አትበሉ።

3. ከስም ይልቅ ርስትን ተከተሉ። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ካውንቲ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። አንዱን «ማኖር» (የራሱ ፍርድ ቤት ያለውን የባላባት ርስት) በአንድ ጊዜ ሁለቱም የራሴ ብለው ሊይዙት ግን አይችሉም፤ ከያዙትም ክርክር ይነሳና መዝገብ ይተርፍላችኋል።

4. ማዕረጉን ሁልጊዜ ከስሙ ጋር ጻፉ። በ1413 የወጣ ሕግ በክስ ወረቀት ላይ የተከሳሹ ደረጃ ወይም ሙያ እንዲጠቀስ ስላስገደደ፣ ከዚያ ዓመት ወዲህ ባሉ መዝገቦች ማዕረግ አንዱን ዮሐንስ ከሌላው ለመለየት ያገለግላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የጥምቀት መዝገብ ፍለጋ ጊዜ አታባክኑ። የእንግሊዝ አጥቢያዎች ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር መመዝገብ እንዲጀምሩ የታዘዙት በ1538 ነው። ከዚያ በፊት የኖረ ባላባት ትክክለኛ የልደት ቀን በድረ ገጽ ላይ ተጽፎ ካያችሁ፣ ማስረጃው እስኪቀርብላችሁ ድረስ አትመኑት።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ፍቱ

ሰነዶቹ ብዙ ጊዜ «1482» ብለው አይነግሯችሁም። «በንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ በ21ኛው ዓመት» ይላሉ፤ ወይም «ከቅዱስ ሚካኤል በዓል ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ»። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ንጉሡ የነገሠበትን ቀን አውጡ። ኤድዋርድ 4ኛ ዘመኑን የሚቆጥረው ከማርች 4 ቀን 1461 ነው። ስለዚህ 21ኛው ዓመቱ ከማርች 4 ቀን 1481 እስከ ማርች 3 ቀን 1482 ይዘልቃል።

2. ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 መሆኑን አስታውሱ። ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ያለው ቀን በእነሱ አጻጻፍ ገና ባለፈው ዓመት ውስጥ ነው። ማርጋሬት ፓስተን ኑዛዜዋን የጻፈችበት ፌብሯሪ 4 በሰነዱ 1481 ሲሆን በዛሬው ቁጥር 1482 ነው። ሁለቱንም ጻፉ፦ 1481/82።

3. በዓሉን በእነሱ አቆጣጠር ቁጠሩ። በበዓል ስም ቀን መጥራት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አደጋውም ከዚያ ይመጣል። የእነሱ ሚካኤል ሴፕቴምበር 29 ነው፤ ኅዳር 12ም ሆነ የወሩ 12ኛ ቀን እዚህ ቦታ የለውም።

ትንሣኤ ግን የተለየ ነው። ምዕራባውያን በ1582 አቆጣጠር እስኪለውጡ ድረስ ትንሣኤያቸው ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይውል ነበር፤ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ያለ ሰንጠረዥ ያገኘዋል። በ1466 ትንሣኤ ኤፕሪል 6 ዋለ፤ በእኛ ሚያዝያ 11 ቀን 1458 ማለት ነው። አስልታችሁ ሞክሩት።

ደረጃ 3፦ ኑዛዜው የጸደቀበትን ቦታ አግኙ

እስከ 1858 መጀመሪያ ድረስ በእንግሊዝ ኑዛዜ የሚያጸድቀው ቤተ ክህነት ነበር። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚመለከተው የሚወሰነው ሟቹ ንብረቱን ባኖረበት ቦታ ነው። ንብረቱ በአንድ ሊቀ ዲያቆን ክልል ከተወሰነ በዚያው ፍርድ ቤት፣ በአንድ ሀገረ ስብከት ውስጥ ከተበተነ በጳጳሱ ፍርድ ቤት፣ ከ5 ፓውንድ ያላነሰ ንብረት ከአንድ በላይ ሀገረ ስብከት ካለው ደግሞ በሊቀ ጳጳሱ ፍርድ ቤት ይጸድቃል። ለደቡቡ ካንተርበሪ፣ ለሰሜኑ ዮርክ።

አፈላለጋችሁ ከላይ ወደ ታች ይሁን፦

1. የካንተርበሪ መዝገብ። ከ1384 ይጀምራል። ለንደን አጠገብ ኪው ላይ ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ፕሮብ 11» በሚል መለያ ተቀምጧል፤ ምስሉም ከድረ ገጹ ይወርዳል።

2. የዮርክ መዝገብ። ከ1389 ጀምሮ ያለው በዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቦርትዊክ ተቋም ይገኛል።

3. የሀገረ ስብከቱ መዝገብ። ብዙ ጊዜ በካውንቲው ቤተ መዛግብት ነው። የኖሪች ጳጳስ ፍርድ ቤት ኑዛዜዎች ከ1370 ጀምረው በኖርፎክ ቤተ መዛግብት ይታያሉ።

4. የሊቃነ ጳጳሳቱ የግል መዝገቦች። ለካንተርበሪ ለንደን ውስጥ ላምቤዝ ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ከ1384 በፊት የሞተ ናይት የምትፈልጉ ከሆነ እዚህ ጀምሩ።

በድሮ መጽሐፍ ላይ «27 ሎግ» ዓይነት ማጣቀሻ ካጋጠማችሁ አትደናገጡ። ሎግ የካንተርበሪው መዝገብ አንድ ጥራዝ የሚጠራበት ስም ነው፤ ቁጥሩም የጥራዙን ክፍል ይጠቁማል። ዛሬ ያ ጥራዝ ፕሮብ 11/7 ይባላል።

ካልተገኘስ? በመጀመሪያ የሚስቱን ኑዛዜ ፈልጉ። ባሏ በሕይወት ያለ ሴት ያለ እሱ ፈቃድ መናዘዝ ስለማትችል፣ የምታገኙት የባልቴት ኑዛዜ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከባል ኑዛዜ የባልቴትን አስበልጣለሁ። ባል ስለ ርስት ይጨነቃል። ባልቴት ግን ቀሚሷን፣ አልጋ ልብሷን፣ የብር ማንኪያዋን ስታከፋፍል የልጅ ልጆቿን በስም እየጠራች ነው። ስትፈልጉ ግን ዳግም ያገባች ሴት የቀድሞ ባሏ ማዕረግ ከበለጠ በዚያኛው ስም ልትጠራ እንደምትችል አትርሱ።

ደረጃ 4፦ ኑዛዜውን አንብቡ፤ ሳትቸኩሉ

ሀ. መጀመሪያ ሙሉውን ገልብጡ

ስም ብቻ እየለቀማችሁ አትለፉ። መስመር በመስመር፣ አጻጻፉን ሳታርሙ ገልብጡ። በመዝገቡ ያለው የጸሐፊ ግልባጭ እንጂ ዋናው ወረቀት አይደለም፤ ጸሐፊው ራሱ ስም አሳስቶ ሊሆን ይችላል። ቋንቋው ላቲን ወይም የዘመኑ እንግሊዝኛ ነው። አንድ ቃል እምቢ ካላችሁ፣ በዚያው ገጽ ላይ ያንኑ ፊደል በምታውቁት ቃል ውስጥ ፈልጉ። አሁንም ካልተነበበ ክፍቱን ተዉት፤ በግምት የሞላችሁት ስም በኋላ ማስረጃ መስሎ ይመለስባችኋል። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ለጥንት የእጅ ጽሑፍና ለላቲን ነፃ ትምህርት በድረ ገጹ ይሰጣል፤ እሱን ሳትወስዱ ወደ ሰነዱ አትግቡ።

ለ. ሁለት ክፍል እንዳለው አረጋግጡ

አንደኛው ክፍል ስለ ነፍስ፣ ስለ ቀብር እና ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። ሁለተኛው ስለ መሬት። እስከ 1540 ድረስ፣ የአንዳንድ ከተሞች ልማድ ካልፈቀደ በቀር፣ መሬትን በቀጥታ በኑዛዜ ማስተላለፍ አይቻልም ነበር። ባላባቶቹ መላ አበጁለት፦ ርስቱን በሕይወት ሳሉ ለባለአደራዎች ያስተላልፉና፣ በኑዛዜው ባለአደራዎቹ ለማን እንዲያስረክቡ ያዝዛሉ። በእጃችሁ ያለው አንደኛው ክፍል ብቻ ከሆነ የቤተሰቡን ግማሽ ገና አላያችሁም።

የባለአደራዎቹን ስም አንድም ሳታስቀሩ ጻፉ። በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም፤ የሚስት ወንድም፣ አማች፣ ጎረቤት ባላባት፣ የቤተሰቡ ጠበቃ ናቸው። የሚስቲቱን ወገን ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው እዚህ ነው።

ሐ. ቀብሩን እና አብያተ ክርስቲያናቱን በካርታ ላይ አስቀምጡ

ተናዛዡ የት ልቀበር እንዳለ እና ለየትኞቹ አጥቢያዎች ገንዘብ እንደተወ ተመልከቱ። ስጦታ የደረሳቸው አጥቢያዎች በአብዛኛው ርስት ያለባቸው ናቸው። ማርጋሬት ፓስተን ባሏ በተቀበረበት በብሮምሆልም ገዳም ሳይሆን በአባቶቿ ቦታ፣ በማውትቢ ቤተ ክርስቲያን፣ እንድትቀበር አዘዘች። በመቃብር ድንጋይዋ ላይም ጋሻዎች እንዲቀረጹ ጠየቀች፦ የባሏና የራሷ አርማ በአንድ ላይ፣ ማውትቢ ከሪድሃሞቹ በርኒዎች ጋር፣ ማውትቢ ከሎርድ ሎቬይን ጋር፣ ማውትቢ ከሰር ሮጀር ቢቻምፕ ጋር። እነዚህ ጋሻዎች ጋብቻዎች ናቸው። ሴትዮዋ ስለ ሐውልት እየተናገረች የእናቷንና የአያቶቿን ጋብቻ ቆጥራ አለፈች። የአርማ መግለጫ ሲያጋጥማችሁ እንደ ጌጥ አትዝለሉት።

መ. የዝምድና ስሞችን አትመኑ

በእነዚህ ሰነዶች «ልጄ» የአብራክ ልጅ፣ የእንጀራ ልጅ ወይም አማች ሊሆን ይችላል። «ወንድሜ» የሚስት ወንድምን ይጨምራል። በላቲኑ ኔፖስ የሚለው የልጅ ልጅንም የወንድም ልጅንም ይይዛል። በእንግሊዝኛው «ከዝን» የተባለ ሰው የዘመድ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሰነድ እስኪያጸናው ድረስ በመስመር አታገናኙት፤ ቃሉን እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ አስቀምጡት።

ሠ. ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ለዩ

ዳኛው ዊሊያም ፓስተን በ1444 ሞተ። ልጁ ጆን በ1466 ሞተ። የዚህ ጆን ሁለት ልጆችም ሁለቱም ጆን ይባሉ ነበር፤ በአንድ ዘመን በሕይወት ነበሩ፤ ሁለቱም በየጊዜያቸው ናይት ሆነዋል። በክርስትና አባት ስም መጥራት የተለመደ ስለነበረ ይህ ብርቅ አይደለም። «አንድ ቤት ሁለት ጆን አይኖርም» ብሎ ሁለቱን ወደ አንድ የጠቀለለ ሰው አንድ ልጅ ያጠፋል፤ «አንዱ ሞቶ ሌላው በስሙ ተጠራ» ያለም እንዲሁ ይስታል።

መፍትሔው ማዕረግና ቀን ነው። ማርጋሬት በ1482 ስትናዘዝ ታላቁ ጆን ከሞተ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እሱን ናይት ትለዋለች። በሕይወት ያለውን ታናሹን ስኩዋየር ትለዋለች፤ እሱ ናይት የሆነው በ1487 ነው። ዓመቱን ሳትይዙ ማዕረጉን ብቻ ብታነቡ ግን መልሳችሁ ታደባልቋቸዋላችሁ።

ረ. የተዘለለውን ሰው በሌላ በር ፈልጉ

የማርጋሬት ልጅ ማርጀሪ የቤተሰቡን የርስት አስተዳዳሪ ሪቻርድ ካሌን በ1469 አግብታ ከቤት ተባርራ ነበር። በእናቷ ኑዛዜ ለእሷ የተተወ ነገር አናገኝም፤ ለልጇ ለጆን ካሌ ግን 20 ፓውንድ ተትቶለታል። ታላቁ ጆን ሳያገባ ሞተ፤ ነገር ግን አያቲቱ ማርጋሬት ከጋብቻ ውጭ ለተወለደችው ለልጁ ለኩስታንስ 10 ማርክ ተወችላት። አንድ ማርክ 13 ሽልንግ ከ4 ፔኒ ነው። ስለዚህ የአባቱን ኑዛዜ ብቻ አንብባችሁ አትዝጉ፤ የአያት፣ የአክስት እና የቄስ አጎት ኑዛዜ ጨምሩ።

ሰ. ሞቱን በሁለት ቀን መካከል አስቀምጡ

ኑዛዜ የተጻፈበት ቀን የሞት ቀን አይደለም። ማርጋሬት ፌብሯሪ 4 ቀን 1482 ተናዘዘች፤ ኑዛዜዋ የጸደቀው ዲሴምበር 18 ቀን 1484 ነው። ሌላ ማስረጃ ባይኖር መጻፍ የምትችሉት «በሁለቱ መካከል» ብቻ ነበር። ኖቬምበር 4 ቀን 1484 መሞቷ የሚታወቀው በሌላ መንገድ ነው።

ሁለት የሚቃረኑ ኑዛዜዎች ካገኛችሁ አንዱን አትጣሉ። ባለጸጋው ናይት ሰር ጆን ፋስቶልፍ ኖቬምበር 5 ቀን 1459 ያለ ልጅ ሲሞት፣ ጆን ፓስተን ከሁለት ቀን በፊት ተሰጠ የተባለ የመጨረሻ ፈቃድ ይዞ ርስቱን ጠየቀ፤ ሌሎቹ አስፈጻሚዎች ሐሰት ነው አሉ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ለእናንተ ግን ጥሩ ነው፤ የተጣላ ቤተሰብ የምስክር ቃል ትቶ ይሄዳል።

ደረጃ 5፦ ኑዛዜውን ከሞት በኋላ ከተደረገው የርስት ምርመራ ጋር አጋጩ

ከንጉሡ በቀጥታ ርስት የያዘ ሰው ሲሞት የንጉሡ የርስት ሹም የአካባቢውን ሰዎች አስምሎ ይጠይቃል፦ ምን ያዘ? መቼ ሞተ? ወራሹ ማን ነው? ዕድሜውስ? እነዚህ ምርመራዎች ከ1236 ጀምረው እስከ 1600ዎቹ ይዘልቃሉ። በኑዛዜው ያጣችሁት የበኩር ልጅ የሚገኘው እዚህ ነው። ወንድ ልጅ ከሌለ ሴቶች ልጆች እኩል ስለሚካፈሉ ሁሉም በስም ይዘረዘራሉ፤ የሞተችው እህት ልጅም በእናቱ ቦታ ይገባል።

1. ርስት በነበረበት ካውንቲ ሁሉ የተደረገውን ምርመራ ሰብስቡ። በየካውንቲው የተለያዩ ሰዎች ስለሚምሉ የሞት ቀን በቀናት ሊለያይ ይችላል። ሁሉንም መዝግቡ።

2. ዕድሜን በጥንቃቄ ያዙ። «30 ዓመትና ከዚያ በላይ» ማለት «አዋቂ ነው» ከማለት አይበልጥም። ወንድ 21 ካልሞላው ግን ሞግዚትነቱ ለንጉሡ ገቢ ስለሆነ ቁጥሩ የተሻለ ይታመናል።

3. «ምንም ርስት አልያዘም» የሚል መልስ ካገኛችሁ ደሃ ነበር አትበሉ። መሬቱ በባለአደራዎች እጅ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ደረጃ 4 ለ ተመለሱ።

እንቅፋት፦ በእንግሊዝኛ በዝርዝር ተጠቃልሎ የታተመው ከ1236 እስከ 1447 እና ከ1485 እስከ 1509 ያለው ነው። መካከሉ፣ ማለትም ፓስተኖች የተከራከሩበት ዘመን፣ ክፍት ነው። ለኤድዋርድ 4ኛ ዘመን በላቲን የተጻፈውን ዋናውን «ሲ 140» በሚለው መለያ ኪው ላይ ማንበብ ወይም ምስሉን ማዘዝ ግድ ይሆናል። በ1800ዎቹ መጀመሪያ የታተመው አሮጌ ማውጫ የርስቶችን ስም ይሰጣል፤ ወራሽ አይነግርም።

ደረጃ 6፦ የቀረውን ክፍተት በፍርድ ቤት መዝገብ ሙሉ

የርስት ዝውውር ስምምነቶች። ከ1195 እስከ 1833 በፍርድ ቤት በሦስት ቅጂ የተጻፉ ናቸው፤ ለመንግሥት የቀረችው የታችኛዋ ቅጂ «ሲፒ 25» ውስጥ አለች። ሚስት ከባሏ ጋር ስለምትጠራ ጋብቻን ለማስጠጋት ይበጃሉ። ከሳሽና ተከሳሽ ተብለው የቀረቡት ግን ገዢና ሻጭ ወይም ዘመዳሞች ናቸው፤ ጠብ አትፈልጉባቸው።

የክርክር ጥቅሎች። «ሲፒ 40» የሚባሉት ናቸው። በሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ታሪክ ድረ ገጽ ምስላቸው በነፃ ይታያል። ርስት የሚጠይቅ ሰው አንዳንዴ አራት አምስት ትውልድ ይቆጥራል። በሕዳጉ ላይ የተጻፈውን የካውንቲ ስም ብቻ እያያችሁ በፍጥነት ውረዱ፤ ሁሉን ላንብብ ያለ ሰው አንድ ጥቅል ሳይጨርስ ይተወዋል።

ለንጉሡ ማኅተም ጠባቂ፣ ለቻንስለሩ፣ የቀረቡ አቤቱታዎች። «ሲ 1» ናቸው፤ አብዛኞቹ ቀን የላቸውም። ዘመናቸው የሚገመተው አቤቱታው በተጻፈለት ሰው ማዕረግ ነው፤ ወጥመዱም እዚያው አለ። «ለባዝ እና ዌልስ ጳጳስ» የሚል አቤቱታ ከ1432 እስከ 1443 በዚህ ማዕረግ ቻንስለር ለነበረው ለጆን ስታፎርድ ወይም በ1467 ለተሾመው ለሮበርት ስቲሊንግተን ሊሆን ይችላል። በመሃላቸው አንድ ትውልድ አለ። በአቤቱታው የተጠሩትን ሌሎች ሰዎች ሳታጣሩ አትወስኑ።

ደረጃ 7፦ ተዘጋጅቶ የመጣ የዘር ሐረግ ፈትኑ

ከ1530 እስከ 1688 የአርማ ሹሞች በየካውንቲው እየዞሩ የባላባቶችን ዘር መዝግበዋል። ተናጋሪው በቅርብ የሚያውቃቸውን፣ አባቱንና አያቱን፣ መነሻ አድርጋችሁ ልትወስዱ ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ ያለውን ከመዝገብ ካልደገፋችሁት አትቀበሉ።

ለምን እንደሆነ ፓስተኖቹ ራሳቸው ያሳያሉ። በ1466 ኤድዋርድ 4ኛ ቤተሰቡ ኖርማኖች እንግሊዝን ድል ካደረጉበት ከ1066 ጀምሮ የቆየ የባላባት ዘር ነው የሚል ቃል አወጣላቸው። ጠላቶቻቸው ያዘጋጁት ወረቀት ደግሞ የዳኛው አባት ክሌመንት በገዛ እጁ ያርስ የነበረ ገበሬ፣ ሚስቱም ገባር እንደነበረች ይናገራል። ሁለቱም ወገን ጥቅም አለው፤ ስለዚህ አንዱንም ብቻውን አትቀበሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና እያንዳንዱ የሚጠራውን ርስት በማኖር ፍርድ ቤት ጥቅሎችና በርስት ዝውውር ስምምነቶች ፈትሹ። ነፃና ገባር መሬት የሚለየው በእነዚህ ነው።

በሐረጉ ላይ ለእያንዳንዱ መስመር ሰነዱን፣ መለያ ቁጥሩን እና «የተረጋገጠ»፣ «የሚገመት» ወይም «በባለጉዳዩ ቃል ብቻ» የሚል ምልክት ጻፉ። ርስቱም ማዕረጉም አብረውት የሚጠሩት ሰዎችም ከቀጣዩ ትውልድ ጋር የማያገናኙት ሰው ላይ ስትደርሱ እዚያው አቁሙ። ለፓስተኖች ይህ ሰው በ1419 የሞተው ክሌመንት ነው፤ ከእሱ በላይ ያሉት የኖርማን አያቶች በሐረጉ ላይ አይገቡም።